አብዱ ፎሌና ሽቅብ የወጣው ቦርከና

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልናገር። እኔ ደጉ እባላለሁ፤ ደሴ፣ ሆጤ ውስጥ የናፍጣ መኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ። ልጆቼን ያሳደግኩት በፊልትሮ፣ በቺንጋና በፍሬን ሸራ ነው። ስለዚህ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ሳወራ የሚሰማኝ ሰው እንጀራዬ የት እንዳለ አውቆ ይስማኝ። ስለ አብዱልባሲጥ የምለውን ግን ሳይጠራጠር ይቀበለኝ። እሱን ከኔ በላይ የሚያውቀው ሚስቱ ከድጃ ብቻ ናት፤ እሷም ብትሆን አንዳንዱን የምትሰማው ከኔ ነው።

አብዱልባሲጥን በሙሉ ስሙ የሚጠራው ሰው የለም። አገር የሚያውቀው አብዱ ፎሌ ብሎ ነው። ፎሌ የሚባለው ማርሹ የትም ሳይገባ መሐል ላይ ሲቆም ነው፤ ያን ጊዜ ሞተሩ መኪናውን አይጎትተውም፣ አይዘውምም፣ መኪናው በገዛ ክብደቱ ይወርዳል። አብዱ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲሄድ የሐረጎን ቁልቁለት የሚወርደው እንዲህ ነው። የት ላይ እንደሚለቅ፣ የት ላይ ፍሬን እንደሚነካ፣ የትኛው ኩርባ ላይ አህያ መሐል መንገድ እንደምትቆም አንድ በአንድ ያውቃል። ትራፊክ ፖሊስ ቢመክረው፣ ከድጃ ብትለምነው አልሰማም።

«ቁልቁለት የአላህ ስጦታ ነው» ይላል። «በስጦታ ላይ ናፍጣ ማቃጠል ሀራም ባይባል እንኳ ወደዚያ ይጠጋል።»

እንዲህ እያለ በየጊዜው የፍሬን ሸራ ሊገዛ ወደ ሱቄ ይመጣ ነበር። ከማደያው ያተረፈውን እኔ ዘንድ አምጥቶ እንደሚጥል የነገረው ሰው የለም። እኔ ልነግረው ነው እንዴ?

ሌላው ኩራቱ ሐረጎ ላይ ቆሞ አለማወቁ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚያች አሮጌ ፒክአፕ ጎመንና ድንች ጭኖ ወርዶ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ጭኖ ወጥቷል፤ አንድም ቀን ዳገቱ ላይ አልቆመም። ሌሎቹ ግን ይቆማሉ። ራዲያተሩ ፈልቶ ኮፈኑን ከፍቶ የቆመ ሾፌር ሲያገኝ ቀስ ይልና አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ኸይር ነው?» ይላል። መርዳቱን ይረዳል፤ ጎትቶም ያወጣል። ከዚያ በኋላ ግን ያ ሾፌር ለአንድ ወር ያህል የአብዱ ወሬ መጫወቻ ነው። በዚህ ጠባዩ የኮምቦልቻ ሚኒባስ ሾፌሮች በሙሉ አንድ ቀን ተራው እንዲደርስ ይመኙለት ነበር።

ፒክአፗ ከሁለት ዓመት በፊት የማርሽ ሳጥኗ ደቀቀና ከነጭራሹ ቆመች፤ ደግነቱ ሐረጎ ላይ ሳይሆን ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ቤቱ ደጃፍ ነው። መለዋወጫውን እኔም ፈልጌ አጣሁለት። ነዳጅ የሚጠጣ መኪና ከውጭ ማስገባት ከቀረ ወዲህ ደግሞ ሌላ ልግዛ ቢል የሚቀመስ አልሆነም። ከዚያ በኋላ አብዱ የሱቄ አግዳሚ ወንበር ሆነ ማለት ይቻላል። ጠዋት ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ማርሽ አቀያየር ይተቻል። «ስማው፣ ስማው፣ ጥርስ ሊያራግፍ ነው» ይለኛል። ደንበኛ እስኪሸሸኝ ድረስ ታገስኩት።

ፈትሂያ የመጣችው በዚህ መሐል ነው። ፈትሂያ የአብዱ የጎረቤቱ ልጅ ናት፤ ቧንቧ ውሃ አድጋ፣ ምህንድስና ተምራ፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ስትሠራ ቆየች። ከዚያ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ኮምቦልቻ ጫፍ ላይ መጋዘን ተከራዩና በኤሌክትሪክ የሚሄድ ፒክአፕ መገጣጠም ጀመሩ። ሞተሩንና ባትሪውን ከውጭ ያስመጣሉ፤ አካሉን እዚያው ይቀጠቅጣሉ፣ ይበይዳሉ። የመጀመሪያዋን መኪና ቀለም ቀብተው ሲያወጧት በከተማቸው ወንዝ ስም ቦርከና አሏት።

ወይ የሆጤ ሰው። ስሙን ከሰማ በኋላ ማን ይቻለው? አንዱ «ቦርከና ቁልቁል ሲሄድ እንጂ ሽቅብ ሲወጣ ማን አይቶ ያውቃል?» አለ። ሌላው «መብራት በጠፋ ዕለት በኩራዝ ልትነዱት ነው?» አለ። እኔም ከሱቄ ሆኜ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አልኩ። እውነቱን ለመናገር ግን ልቤ ፈርቶ ነበር። መኪናዋ ዘይት የላት፣ ፊልትሮ የላት፣ ካንዴሌታ የላት። እንዲህ ያለ መኪና ከበዛ እኔ ምን ልሸጥ ነው?

የፈትሂያ ተስፋ ያረፈው በሀጂ እንድሪስ ላይ ነበር። ሀጂ የአትክልት ነጋዴዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ናቸው። ማኅበሩ ከደሴ ዙሪያ ገበሬዎች ድንችና ጎመን ገዝቶ ኮምቦልቻ ያራግፋል፤ ከኮምቦልቻ ደግሞ ሽንኩርት ጭኖ ደሴ ይመለሳል። ፒክአፖቻቸው አርጅተዋል፤ ሾፌሮቻቸውም ከመንገድ ይልቅ ማደያ ወረፋ ላይ ነው የሚውሉት። ሀጂ ፈትሂያን በጥሞና ሰምተው አንድ ነገር ጠየቋት። መኪናዋ ከገጠሩ ጭና፣ ኮምቦልቻ አራግፋ፣ ሽንኩርቷን ጭና፣ መንገድ ላይ ቻርጅ ሳትደረግ ደሴ ትመለስ። ከተመለሰች ማኅበሩ ይገዛል።

ፈትሂያ ይህን ይዛ ወደ ሱቄ መጣችና አብዱ ፊት ቆመች።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይንዱልኝ» አለችው። «ገበያው እርስዎ የነዱትን መኪና ያምናል። ማኅበሩ ካልገዛን መጋዘኑን እንዘጋለን። ጓደኞቼ አዲስ አበባ ሄደን የሰው መኪና እንሽጥ እያሉኝ ነው። ተስማምተናል፤ ይሄ የመጨረሻው ነው።»

አብዱ እንዴት እንደተነሳ ማየት ነበር። ሁልጊዜ ጉልበቴን አመመኝ የሚለው ሰው ጉልበቱን ረሳው።

ፈትሂያ እዚያው ደጃፍ ላይ አስረዳችው። ነገሩ እንግዳ ቢሆንም አነጋገሯ ግልጽ ነበር። ቦርከና ቁልቁለት ስትወርድ ማርሹ ውስጥ ከሆነች ሞተሯ ራሱ ኤሌክትሪክ እያመነጨ ባትሪውን ይሞላል። ባትሪዋ ትንሽ ስለሆነች ለዳገቱ የሚጎድለውን የሚሞላው ቁልቁለቱ ነው። ፎሌ ከተደረገች ግን ምንም አትሞላም፤ ዝም ብላ ትንሸራተታለች። «ስለዚህ ጋሼ፣ ሐረጎን ሲወርዱ እጅዎን ከማርሹ ላይ ያንሱልኝ። ሌላ ምንም አልለምንዎትም።»

«አብሽሪ ልጄ፣ ገብቶኛል» አላት።

እሷ ሄደች። አብዱ ወደኔ ዞረ።

«ደጉ፣ ቁልቁለት ለማን ሰጥቶ ያውቃል? ሲወርዱ የሚሞላ ቢሆን እኔ ሠላሳ ዓመት ወርጄ እስካሁን ሞልቼ በፈሰስኩ ነበር።»

ሐሙስ ጠዋት ከደሴ ዙሪያ ገጠር ድንችና ጎመን ጫንን። ጫንን የምለው እኔም ስለነበርኩ ነው። ሀጂ እንድሪስ ምስክር ይሁን ብለው እኔን መረጡ፤ ከናፍጣ መለዋወጫ ነጋዴ የበለጠ የኤሌክትሪክ መኪና ጠላት ከየት ይገኛል? «ደጉ ዓይኑ ክፉ ነው፣ እንከን አያልፈውም» አሉ። ምስጋና ይሁን ስድብ ሳይገባኝ ከኋላ ወንበር ተቀመጥኩ። ሀጂ ከፊት ተቀመጡ። ፈትሂያ ኮምቦልቻ መጋዘኗ ውስጥ እየጠበቀችን ነበር።

አብዱ ነጭ ኮፊያውን አድርጎ፣ ቢስሚላህ ብሎ ነዳ። መኪናዋ ድምፅ የላትም። የገጠሩ ዶሮዎች እንኳ መምጣቷን ሳይሰሙ ጎማችን ሥር ሊገቡ ደረሱ። ደሴን አልፈን ሐረጎ አናት ስንደርስ የባትሪው ቁጥር ግማሽ ላይ ነበር፤ ከመቶ ሃምሳ ይላል። ፈትሂያም እንደዚያ ይሆናል ብላ ነበር።

ቁልቁለቱን ሲጀምር እንደተነገረው ነው የሄደ፤ ይህን እመሰክርለታለሁ። ቦርከና ግን ማርሽ ውስጥ ሆና ስትወርድ ወደ ኋላ እንደምትጎትት በቅሎ ናት፤ አልሄድም፣ ያዙኝ ትላለች። አንድ ሚኒባስ አለፈን። ሲኖትራክ አለፈን። አብዱ ጉሮሮውን ጠረገ። ቀጥሎ ሦስት ተሳፋሪ የጫነ ባጃጅ ከጎናችን መጣና ሾፌሩ አንገቱን አወጣ።

«ጋሼ አብዱ፣ ልግፋዎት?»

ባጃጅ። የአብዱ የጆሮው ጫፍ ሲቀላ ከኋላ ሆኜ አየሁ። ቀኝ እጁ ራሷ የምታስብ ይመስል ወደ ማርሹ ሄደች። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ። ቦርከና ተለቀቀች፤ ባጃጁን አለፍነው፣ ሲኖትራኩን አለፍነው፣ ሚኒባሱን ጥሩንባ ነፍተን አለፍነው። ሀጂ «ማሻአላህ» አሉ። እኔም የፈትሂያ ትምህርት ትዝ አላለኝም፤ ነፋሱ ደስ ይል ነበር።

መጋዘኑ ደጃፍ ስንደርስ ፈትሂያ በመስኮት አጎንብሳ ቁጥሩን አየች። አርባ ዘጠኝ። ፊቷ ወዲያው ተለወጠ።

«ስድሳን ማለፍ ነበረበት» አለች። «ጋሼ፣ ቁልቁለቱን በማርሽ ነው የወረዱት?»

አብዱ ሀጂን አየ። ሀጂ እሱን አዩት። ሠላሳ ዓመት የነዳ ሰው በሀጂ ፊት በጎረቤቱ ልጅ ሊታረም ነው።

«እንዳልሽኝ ነው የወረድኩ» አላት።

እኔ የመጋዘኑን ጣራ አየሁ። ቆርቆሮው አዲስ ነበር።

ፈትሂያ ትንሽ ቻርጅ እናድርጋት ብላ ሀጂን ለመነች። ሀጂ ውላችን አይደለም አሉ። ለነገሩ የዚያን ሰዓት ኮምቦልቻ መብራትም አልነበረም። ሽንኩርቱ ተጫነ። ፈትሂያ ከኔ ጎን ገባችና ዳገቱን ጀመርን። ቁጥሩ ሲወርድ ሁላችንም ወደዚያው እናያለን። አብዱ መሪውን ይዞ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ ዱአ እያደረገ ነበር። አናቱ ሊደርስ ትንሽ ሲቀር፣ የደሴ ብርድ ፊታችን ላይ መምታት ሲጀምር፣ ቦርከና ቀስ አለች፣ የበለጠ ቀስ አለች፣ ከዚያ ቆመች።

አብዱ ፎሌ ሐረጎ ላይ ቆመ።

ወሬው ከኛ ቀድሞ ደሴ ገባ። ያለፈው ሚኒባስ ሁሉ ቀስ ይላል። ማንም አልተሳደበም፤ ቢሳደቡ ይሻል ነበር። ሾፌሮቹ አንድ በአንድ አንገታቸውን አውጥተው በትህትና «ኸይር ነው፣ ጋሼ አብዱ?» እያሉ አለፉ። በመጨረሻ አንድ አሮጌ አይሱዙ ገመድ አስሮ ጎተተን። እግዜር ይመስክርብኝ፣ ባለቤቱ ፍሬን ሸራውን ከኔ ነው የገዛው።

ሀጂ ሲወርዱ ፈትሂያን አላስከፏትም። «ልጄ፣ ሥራሽ መልካም ነው። የኛ አገር ግን ዳገት ነው። ሰኞ ለማኅበሩ እነግራለሁ» ብለው ሄዱ። ፈትሂያ «እሺ አባ» አለች። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች የሚባለው ግን ለእሷ ሳይሆን መሪ ለያዘው ሰውዬ ነበር።

በማግስቱ ከድጃ ሱቄ መጣች። ከድጃ ወደ ሱቄ የምትመጣው ባሏን ፍለጋ ብቻ ነው፤ የዚያን ቀን ግን ስለ ባሏ ልትጠይቅ ነው የመጣችው።

«ደጉ፣ ሰውዬው ምን ሆኖ ነው? ትናንት ወጡ ጨው አንሶታል ብሎ እንኳ አልጨቀጨቀኝም። ታሟል ብዬ ፈራሁ።»

ሁሉን ነገርኳት። ባጃጁ ላይ ስደርስ ሻሿ እስኪወርድ ሳቀች። «ልግፋዎት አለው?» እያለች ደጋግማ አስነገረችኝ። ከዚያ ሳቋን ዋጥ አደረገች።

«ልጅቱስ? ጥፋቱ የማን መሆኑን ታውቃለች?»

አታውቅም አልኳት። ከድጃ ሻሿን አስተካክላ ተነስታ ሄደች። ቤት ገብታ ምን እንዳለችው እስከ ዛሬ አልነገረኝም። ከቀትር በኋላ ግን አብዱ መጣና አግዳሚው ላይ ሳይቀመጥ «ተነስ፣ ኮምቦልቻ እንውረድ» አለኝ።

በሚኒባስ ሄድን። ሾፌሩ ሐረጎ ላይ ፎሌ አደረገ። ሾፌሩን እኔ አውቀዋለሁ፤ መሪ ያስያዘው አብዱ ነው። አብዱ ዓይኑን ጨፍኖ እስከ ታች ወረደ።

መጋዘኑ ውስጥ የፈትሂያ ጓደኞች መሣሪያቸውን በሣጥን እየከተቱ ነበር። እሷ መሬት ላይ ካርቶን አንጥፋ ተቀምጣለች። በማታው በአይሱዙ ተጭና የተመለሰችው የቦርከና ሆድ ተፈትቶ ዙሪያዋን ተዘርግቷል። ዓይኗ ቀልቷል። አብዱን ስታይ እጇን በጨርቅ እየጠረገች ተነሳች።

«ጋሼ፣ ገና አላገኘሁትም። ቁልቁለቱ ላይ የሚሞላው ክፍል ነው የተበላሸው። እርስዎ በማርሽ ወርደው ካልሞላ ጥፋቱ የኔ ነው። እርስዎን በስተርጅና ሐረጎ ላይ አቆምኩዎት። ይቅር ይበሉኝ» አለችው።

አብዱ አጠገቡ ያለ ጎማ ላይ ተቀመጠ። ኮፊያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። እኔም ልቤ ተሰበረ፤ ለማን እንደሆነ ባላውቅም።

«ፈትሂያ» አለ በመጨረሻ፣ «ያንን ብረት መልሰሽ ግጠሚው። ጤነኛ ነው። በሽተኛው እኔ ነኝ። ፎሌ አድርጌ ነው የወረድኩ። ባጃጅ ቀደመኝ።»

ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። የያዘችውን መፍቻ ካርቶኑ ላይ አስቀመጠችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም» አለች። «ስሌቴን አሥር ጊዜ ሠራሁት። አንድም ጊዜ እርስዎን አልጠረጠርኩም። አንድ ነገር ብቻ ነው የለመንኩዎት።»

አብዱ አንገቱን ደፋ። ይህ ሰው ሲያፍር አይቼ አላውቅም ነበር፤ ማየቱም ደስ አይልም። «ሰኞ ገበያ መሐል እናገራለሁ» አላት። «ስሜ ያንቺን መጋዘን አያህልም።»

ሰኞ ዕለት ማኅበሩ ተሰበሰበ። ነጋዴው፣ ሾፌሩ፣ ተሸካሚው፣ ሥራ ፈቱ ሁሉ ነበር። ሀጂ ነገሩን ሳይጀምሩ አብዱ የድንች ጆንያ ላይ ወጣ።

«ስሙኝ» አለ። «የቆመችው መኪናዋ አይደለችም፤ እኔ ነኝ። በማርሽ ውረድ ተብዬ ፎሌ አደረግኩ። ልጅቷ ስትጠይቀኝ ዋሸሁ።»

ገበያተኛው እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ አንዲት ቲማቲም ሻጭ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «አፈር ስሆን፣ ምን ያለ ሰው ነው» አለች። «ለጎረቤቱ ልጅ ብሎ ጥፋት ተሸከመ።»

ነገሩ ያኔ ተበላሸ። ሁሉም ተቀበላት። አብዱ ፎሌ በሐረጎ ጉዳይ ተሳስቶ? ማን ያምናል? ሴቲቱ ለልጅቱ ሲል ስሙን ሰዋ አለች፣ ሌላው ድሮም ደግ ነው አለ፣ አንድ ሽማግሌ ዱአ አደረጉለት። አብዱ ደነገጠ። «ወላሂ ፎሌ ነው ያደረግኩ» ብሎ ማለ። ሽማግሌው ደግሞ «ተው ልጄ፣ ደግነት ያለ መሐላም ይበቃል» አሉት። እኔም ተነስቼ እውነቱን ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ አልኩ። «አንተማ ጓደኛው ነህ» አሉኝ። ሰውዬው ጥፋቱን ባመነ ቁጥር ወልይ ወደ መሆን ተጠጋ፤ መኪናዋ ደግሞ የባሰ ጥፋተኛ ሆነች። ፈትሂያ ከሕዝቡ ጀርባ ቆማ ይህን ሁሉ ታያለች።

ሀጂ እንድሪስ ብቻ አልተናገሩም። ተስቢሃቸውን ሲቆጥሩ ቆይተው እጃቸውን አነሱ።

«ወሬ ይብቃ። ከነገ ወዲያ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ጭነት፣ አብዱ ይንዳ። ምስክሩም ደጉ ይሁን» አሉ። «ካልወጣች የማኅበሩ መልስ ያው አይሆንም ነው።»

ፈትሂያ ቦርከናን ገጥማ በቀኑ አቀረበች። ሀጂ እንደ ፊቱ ከፊት ናቸው፤ አሁን እሷም ከኔ ጎን ተቀምጣለች። ሐረጎ አናት ላይ ቁጥሩ እንደ ፊተኛው ሃምሳ ነበር። አብዱ ቀኝ እጁን አየና አጣጥፎ ጭኑ ሥር አስገባው፤ ተቀመጠበት ማለት ነው። ከዚያ በግራ እጁ ብቻ መሪውን ይዞ መውረድ ጀመረ። ኩርባ ላይ ብቻ ቀኝ እጁን አውጥቶ መሪውን ይይዛል፤ ወዲያው መልሶ ይቀመጥበታል።

የሚኒባስ ሾፌሮች ሰምተው ስለነበር ያልቀደመን የለም። ሲቀድሙም ጥሩንባ ይነፋሉ። ያ ባጃጅም መጣ፤ ዛሬ ደግሞ አምስት ሰው ጭኗል። «ጋሼ፣ ዛሬስ ልግፋዎት?» አለ። አብዱ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ።

«ልጄ፣ ለትንሽ ብቻ ልልቀቃት? እስከዚያች ባሕር ዛፍ ድረስ» አለ።

«አይሆንም ጋሼ» አለች ፈትሂያ።

ሀጂ ቁጥሩን ጮክ ብለው ያነባሉ። ሃምሳ አንድ። ሃምሳ ሁለት። መጀመሪያ ድምፃቸው የዳኛ ነበር፤ ሃምሳ ስድስት ላይ ሲደርሱ የልጅ ሆነ። እኔ ከኋላ ሆኜ ግራ ገባኝ። ደስ ብሎኛል፤ ግን አብዱ እስከ ታች ፍሬን የነካት ሁለት ሦስቴ ቢሆን ነው። ዘይቱና ፊልትሮው ሲቀር ፍሬን ሸራው እንኳ ይተርፈኛል ብዬ ነበር፤ እሱም ሄደ። ኮምቦልቻ ስንገባ ቁጥሩ ስድሳ አንድ ነበር።

«ቁልቁለት ሰጠ» አለ አብዱ፣ ለራሱ በሚመስል ድምፅ።

ሽንኩርቱን ጭነን ዞርን። ዳገቱ ዳገት ነው፤ ቁጥሩ ይረግፋል። ፈትሂያ የወንበሩን ጀርባ ይዛ ጥፍሯ ነጭ ሆኗል። ባለፈው የቆምንባት ቦታ ስንደርስ ማንም ቦታዋን አልጠራም፤ አብዱ ብቻ ትንሽ ወደ ፊት አዘነበለ፤ ቦርከናን በትከሻው የሚገፋት መሰለኝ። አለፍናት። አናቱን አለፍን። ደሴ ስንገባ ከመቶ ስድስት ቀርቷት ነበር፤ ገበያው ድረስ ሄዳ በራሷ ቆመች፣ ማለቴ አብዱ አቆማት።

ማንም አልወረደም። አብዱ ወደ ሀጂ ዞረ።

«ሀጂ፣ አሁንስ ወላሂ ያልኩትን አመኑልኝ?»

«ሰኞ ገና ሳትምል አምኜህ ነበር» አሉት።

«ታዲያ ምነው ያን ሁሉ ሰው ፊት ዝም አሉ? ይሄን ሁሉ መንገድስ ለምን አስወረዱኝ?»

ሀጂ ተስቢሃቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

«የማኅበሩ ሾፌሮች ሁሉ ያንተ ደረሶች ናቸው፣ አብዱልባሲጥ። አንተ ያስተማርካቸውን ነው የሚያደርጉት፤ ሁሉም ፎሌ ነው የሚወርዱት። አመል ያወጣል ከመሐል፤ እንዲህ ያለውን መኪና ለነሱ ብሰጥ በሳምንቱ መኪኖቹ በሙሉ ሐረጎ ላይ ተደርድረው ይቆማሉ። ከሰኞ ወዲህ መኪናዋ ሽቅብ መውጣቷን አልተጠራጠርኩም። አንተ ቁልቁል መውረድ ትችል እንደሆነ ነው ያላወቅኩት።»

አብዱ በሙሉ ስሙ ሲጠራ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

«ወረድክ» አሉት ሀጂ። «እንግዲህ አምስት እንወስዳለን፤ ማስተማሩ ያንተ ነው።»

ፈትሂያ ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ ከኔ ጎን በደስታ ታለቅስ ጀመር። አብዱ ወደ ኋላ ዞሮ አያት። ከዚያ በእጁ ጀርባ ዓይኑን ጠረገ።

«ሽንኩርቱ ነው» አለኝ።

ከኋላችን የተጫነው ሽንኩርት አንዱም አልተላጠም ነበር።